ቢጠፋ ለበየነ ይመለስ

ጋሽ በየነ ማረፋቸውን የሰማሁት እኔ ራሴ ጠፍቼ በተገኘሁበት ቀን ነው።

ጠፍቼ ስል የምሬን ነው። ኮዬ ፈጬ ልጄ ማርታ ቤት ከገባሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ውሻዋን ማናፈስ ሆኗል። ውሻው ሚኪ ይባላል፤ ከእኔ የተሻለ ይበላል፤ ከእኔ የተሻለም ይታጠባል። የዚያን ቀን ጠዋት ይዤው ወጣሁና ስንመለስ ብሎካችን ጠፋኝ። የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ በረንዳቸው ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስ ሳይቀር አንድ ነው። ይሆናል ያልኩትን ደረጃ ወጥቼ፣ ይሆናል ባልኩት በር ላይ ቁልፌን ሰካሁ። እምቢ ሲለኝ ቁልፉን ሰደብኩት። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ከፍተው ማንን ፈልጌ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። ቤቴን ፈልጌ ነው አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ውሃ ልስጥዎት ወይ አሉኝ እንጂ ዘበኛ አልጠሩብኝም።

ማርታ ያገኘችኝ እኔን ፈልጋ አይደለም። ለሚኪ ከውጭ ያስመጣችለት አንገት ማሰሪያ አለ፤ ውሻው የት እንዳለ በሞባይሏ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያታል። ቢሮዋ ቁጭ ብላ ነጥቡ ከብሎክ ብሎክ ሲንከራተት ብታይ፣ ሌባ ውሻዋን ይዞ መውጫ የጠፋው መሰላት። አስፈቅዳ፣ በባጃጅ ከንፋ መጣች። ሌባው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ሚኪን አቀፈችው፤ እኔን ደግሞ «አባዬ፣ ለአንተም አንድ እገዛልሃለሁ» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ።

ቤት ገብተን ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የጋሽ በየነ ትልቋ ልጅ ነበረች። አባቷ ማለዳ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸው በነጋታው አቃቂ መሆኑን ነገረችኝ። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሚኪ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አገጩን አሳረፈ፤ አንገቱ ላይ ያለውን ነገር ሳላስበው ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ይህን ዓመል ያስያዙኝ ጋሽ በየነ ናቸው።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት በስልከኛነት ነው። እሳቸው የዕቃ ክፍሉ ሰው ነበሩ፤ መንገደኛ በባቡር የሚልከውንና የሚቀበለውን ሻንጣ፣ ጆንያና ቅርጫት ሁሉ ያስተዳድራሉ። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው ሰው ናቸው። እጃቸው የገባ ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ሻይ ሲሰጧቸው የሲኒ ማስቀመጫውን ከፍ አድርገው ሥሩን ያያሉ። ጃንጥላ ከሆነ እጀታውን፣ መጽሐፍ ከሆነ የኋላ ሽፋኑን። ስም ካላገኙ ምላሳቸውን «ምጽ» አድርገው እርሳሱን ያወርዳሉ።

በተቀጠርኩ ሰሞን ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንስተው ገለበጡት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ ጋሼ።»

«እሱማ አንተ ከሥሩ ስላለህ ነው። ሲጠፋስ?»

በነጋታው ኮፍያዬ ውስጥ የተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ አገኘሁ። ከላይ ስሜ፣ ከሥሩ «ቢጠፋ አቃቂ ጣቢያ ለበየነ ይመለስ» ይላል። ባለቤቱ እኔ ሆኜ ለምን ለእሳቸው እንደሚመለስ ጠየቅኋቸው። በዚያን ጊዜ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነው የማየው፤ ድምፄ በስልክ ያምራል ተብዬ ስለነበር ዳቦ ስገዛ እንኳ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የምናገረው። ጋሽ በየነ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንተ ገና ትዞራለህ፣ ቤት ትቀይራለህ፣ ራስህም ትጠፋለህ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ተናደድኩ። ጨርቁን ግን አልፈታሁትም፤ ስፌቱ ጠንካራ ስለነበር ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።

ያልጻፉበት ነገር አልነበረም። የእድሩን ወንበሮች፣ የእድሩን ድስት፣ የጎረቤቱን መሰላል። ለጥምቀት ልጆቻቸውን ይዘው ሲወጡ በየአንገታቸው የሻንጣ ካርድ ያንጠለጥላሉ፤ ልጆቹ በኀፍረት ነጠላ ውስጥ ይሸሽጉታል። በሠርጌ ቀን ደግሞ ሙሽራ ሆኜ ከሚዜዎቼ ጋር ስወጣ በሩ ላይ ጠብቀው ኮቴ ላይ ካርድ አሰሩልኝ። ላኪ እናቴ፣ ተቀባይ ሚስቴ፣ በጎን በኩል በቀይ «ተሰባሪ» ተብሎ ተጽፏል። አላየሁትም። ቀኑን ሙሉ ተሰባሪ ሆኜ ዋልኩ፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ አለ።

ታዲያ አንድ ክረምት የእብድ ውሻ በሽታ ገባ ተባለና፣ ምልክት የሌለው ውሻ ሁሉ መርዝ በተቀባ ሥጋ እንደሚወገድ ተነገረ። ምልክቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዱ ቀይ ጨርቅ ነው አለ፤ ሌላው ቃጭል። አንዲት ጎረቤታችን የልጇን የአንገት ማተብ ለውሻዋ አድርጋ ከቄሱ ጋር ተጣላች። ጋሽ በየነ ግን ዕቃ ክፍል ገብተው አሮጌ ነሐስ የታጨቀበት ከረጢት ይዘው ወጡ።

ነሐሷ የባቡሩ ሥራ ዋና ነገር ነበረች። ክብ ናት፤ በአንድ ፊቷ ቁጥር፣ በሌላው ፊቷ ዕቃው የሚወርድበት ጣቢያ ስም ተቀርጾባታል። አንዷ ዕቃው ላይ ትታሰራለች፤ ጥንዷን መንገደኛው ይይዛል። የባቡር ሰው ነሐስ የታሰረበት ነገር ካየ አይከራከርም፤ ስሙን ያነባል፣ ፉርጎ ውስጥ ይጭናል፣ ስሙ የተቀረጸው ጣቢያ ላይ ያወርዳል። ግመል አንገት ላይ ቢያገኛት ግመሉን ይጭነዋል። በከረጢቱ ያሉት ጥንዳቸው የጠፋ፣ ከአገልግሎት የወጡ ናቸው፤ ሆኖም የድርጅቱ ንብረት ናቸውና ማንም እንዲወስዳቸው አልተፈቀደም። ጋሽ በየነ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የውሻ ሬሳ በየመንገዱ ከሚቆጠር ግን ብለው፣ «አቃቂ» የሚሉትን እየመረጡ በሰፈሩ ውሻ ሁሉ አንገት ላይ በሽቦ አሰሩ። ሰፈሩ «የውሻ ታርጋ» አላት። ታርጋ ያለው ውሻ ጌታ ያለው ነው ተብሎ ታለፈ። የጋሽ በየነ ውሾች ከሞት ተረፉ።

ከዚያም ያልታሰበ ነገር መጣ። ከሰፈራችን ውሾች አንዱ ሴት ተከትሎ ዱከም ድረስ ሄዶ ኖሮ፣ የዱከም ጣቢያ ሰዎች አንገቱ ላይ «አቃቂ» የሚል ነሐስ ሲያዩ እንደ ደንቡ ፉርጎ ላይ ጫኑት። ውሻው እንደ ሹም ከባቡር ወርዶ ጭራውን እየቆላ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ የጠፋ ሁሉ በባቡር ይመለስ ጀመር። ቢሾፍቱ የተገኘም አለ፤ ሞጆ የተገኘም አለ። የፉርጎ ሠራተኞቹ ውሻ መጫን ለመዱ፤ እንደ ጆንያ ቁጥሩን አይተው ወዲያ በል፣ ወዲህ በል ይሉት ነበር። ጋሽ በየነ ደረታቸው ሰፋ። በዚያ ላይ ለገሃር የዕቃ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሊዛወሩ ነው እየተባለ ነበር። ለዓመታት የጠበቁት ነገር ነው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህን ከመደርደሪያ እየወደቀ ከሚሰበርበት ከዚያ ከሀዲድ ጥግ ቤት ለመውጣት ተስለው ነበር። ሳሪስ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ለሹመቱ አዲስ ካፖርት አሰፉ። ከውስጥ የሰፉበት ጨርቅ ላይ «በየነ፣ ለገሃር» ይላል።

«አቃቂ» የሚለው ነሐስ ካለቀ በኋላ መጨረሻ የመጡት ኦቦ ቱሉ ናቸው። ኦቦ ቱሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የገበሬ መንደር በየጠዋቱ ወተት የሚያመጡልን ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መንገዱን የሚመራቸው ዋሴ የሚባል ቢጫ ውሻቸው ነው። ዋሴን ከቡችላነቱ ያሳደጉት የሞቱት ሚስታቸው ናቸው። አሁን ቤቱ ውስጥ ከሽማግሌውና ከውሻው ሌላ የለም፤ ጅብ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። የዋሴን ግራ ጆሮ የቀደደውም ጅብ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት «መታሐራ» የሚሉት ብቻ ነበሩ። ጋሽ በየነ አንዷን አገላብጠው አዩዋት። መርዝ የሚጥሉት ሰዎች የሚፈልጉት የሚያብለጨልጭ ነገር ነው፤ ጀርባ አያነቡም፤ ደግሞም ዋሴ ከጌታው እግር የማይለይ ውሻ ነው። ስሙን ወደ ውስጥ፣ ቁጥሩን ወደ ውጭ አዙረው አሰሩለት። እድሜያቸውን በሙሉ የነገር ጀርባ ሲያነቡ የኖሩ ሰው፣ ሌላው ሰው ጀርባ እንደማያነብ ተማመኑ።

አንድ ጠዋት ኦቦ ቱሉ ወተቱን ለጣቢያው ሹም ቤት ሊያደርሱ ገቡ። ዋሴ እንደ ልማዱ ውጭ፣ ከተደረደረው ጆንያ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። የጭነት ባቡር ቆሟል። ከባቡሩ ጋር የመጡት ኩሊዎች ጆንያውን ጫኑ፤ ቅርጫቱን ጫኑ፤ ቀጥሎ ውሻው ነው። አንዱ አንገቱን ገልብጦ አነበበ። መታሐራ። አንስተው ጫኑት። ዋሴ እንዴት ዝም አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዳቦ ሰጥተውት ነበር።

ይህን ሁሉ ያየሁት በዓይኔ ነው። በስልክ ክፍሉ መስኮት ቆሜ፣ ዋሴን ፉርጎው በር ላይ ቀና ብሎ አየሁት። ዋሴ መሆኑን አልለየሁም፤ ከጠፉት ውሾች አንዱን ወደ አገሩ እየመለሱት ነው ብዬ አሰብኩ። ባቡሩ ሲነሳ እጄን አውለበለብኩለት። መልካም መንገድ አልኩት፣ በዚያ በሚያምረው ድምፄ።

ኦቦ ቱሉ ወጥተው ተጣሩ። ፉጨታቸውን አሰሙ። ያን ዕለት አንድ የጣቢያው ኩሊ እጃቸውን ይዞ ቤታቸው አደረሳቸው። በነጋታው የጎረቤት ሰው ትከሻ ይዘው መጡና፣ ባዶ ጣሳቸውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ባቡር በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ። የታርጋ ውሻ በባቡር እንደሚመለስ ሰምተዋላ። ጋሽ በየነ አጠገባቸው ሄደው ሲቀመጡ ኦቦ ቱሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ሚስቴ ስትሞት አልቅሼ ቀበርኩ። ልጄም ሲሞት ቀበርኩ። ይሄን ግን ሞተ እንዳልል አላየሁ፣ አለ እንዳልል የለ። ምን አድርጌ ልቀመጥ?»

ጋሽ በየነ ከወንበሩ ተነሱ። ወደ ዕቃ ክፍል ገቡ፤ ከረጢቱን ገልብጠው የቀረውን ነሐስ አዩ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ዋሴን አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። መልካም መንገድ ማለቴን ሳልጨምር ያየሁትን ነገርኳቸው።

መታሐራ ደውሎ መጠየቅ የሚቀል ይመስላል። የዚያን ጊዜ የባቡር ስልክ ግን አንድ ሽቦ ነው፤ ለገሃር ያለው ሲያስነጥስ አዋሽ ያለው ይማርህ ይለዋል። የውሻ ነገር ከተነሳ የነሐሱ ነገር ይነሳል፤ የነሐሱ ነገር ለገሃር ከተሰማ ሹመቱ ቀረ ማለት ነው። ተዉት እኔ በዘዴ እጨርሰዋለሁ አልኳቸው። ዘዴ የሚባል ነገር አለኝ ብዬ አምን ነበር።

መጀመሪያ መታሐራን ደወልኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንድ አራት እግር ያለው ዕቃ ደርሷችሁ እንደሆነ ጠየቅሁ። የመታሐራው ሰው ጠረጴዛ ነው አልጋ ብሎ ጠየቀኝ። ከሁለቱም አይደለም፣ ይንቀሳቀሳል አልኩት። እንግዲያው የልብስ ስፌት መኪና ነው አለ። ወዲያው ከለገሃር ተቆጣጣሪው ገብቶ ስለየትኛው ዕቃ እንደምናወራ ቁጥሩን እንድሰጠው ጠየቀ። መስመሩ ተበላሸ ብዬ በአፌ የነፋስ ድምፅ አሰማሁና ዘጋሁት።

ሁለተኛው ዘዴዬ የባሰ ነበር። የኦቦ ቱሉ ዓይን አያይም፤ ቢጫ ውሻ ደግሞ በአገሩ ሞልቷል። ሳሪስ አቦ አካባቢ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚውል፣ የዋሴ ወንድም የሚመስል አንድ ውሻ አግኝቼ፣ በገመድ እየጎተትኩ፣ አንዳንዴም እየተጎተትኩ አቃቂ አመጣሁት። ኦቦ ቱሉ እግር ሥር አስቀመጥኩትና ዋሴ መጣ አልኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ራሱን ዳሰሱ፣ ከዚያ ግራ ጆሮውን። ጆሮው ሙሉ ነው። እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጌታው ይፈልገው ይሆናልና መልስለት፣ ልጄ።»

ውሻው ይህን ሲሰማ ነው መሰለኝ ጭኔን ነከሰኝ። ገመዱን በጥሶ ወደ ሳሪስ ሮጠ። ምልክት የለውም፤ የማን እንደሆነ፣ ታማሚ ይሁን ጤነኛ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚያን ዘመን እንደሚደረገው፣ እንዳላበድ ተብሎ ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ። ጋሽ በየነ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። ሆዴን ይዤ ስወጣ «አየህ፣ ስም ቢኖረው ኖሮ» ይሉኛል። ቢያዝኑልኝም መምከራቸውን አይተዉም።

ከአንዱ መርፌ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ። ነገ ጠዋት ስልኩን ስጠኝ አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ጣቢያዎች ሁሉ መስመር ላይ ገብተው፣ ያደረ የገባ ፉርጎ ምን እንዳለ ለለገሃር ያስታውቃሉ። ማንም የማይቀርበት ሰዓት ነው። ሌላ ሰዓት እንዲመርጡ ለመንኳቸው። ካፖርቱን አነሳሁባቸው፤ ወይዘሮ አስካለን አነሳሁባቸው። ሽማግሌው የሚሞተው እንደሆነ ይሙት፣ የእርስዎ ዕድል ግን አይመለስም እስከ ማለት ደረስኩ። ሆዴ እያመመኝ ነው የተናገርኩት።

ጋሽ በየነ ቆፍጠን ብለው አዩኝ። «በሰው መሰላል ላይ ስሜን ስጽፍ ነው የኖርኩት» አሉ። «በራሴ ጥፋት ላይ ለመጻፍ ልፈር?»

ጠዋት አዲሱን ካፖርት ለብሰው መጡ። ለምን እንደለበሱት አልጠየቅኋቸውም። የአቃቂ ተራ ሲደርስ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰዱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአቃቂ ዕቃ ክፍል በየነ አበጋዝ ነኝ» አሉ። «በሰፈራችን ውሾች አንገት ላይ ያለው የድርጅቱ ነሐስ ነው፤ ያሰርኩትም እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ከውሾቹ አንዱ በእኔ ስህተት ወደ መታሐራ ተጭኗል። ቢጫ ነው፤ ግራ ጆሮው የተቀደደ ነው። ጌታው ሽማግሌ ናቸው፤ እየጠበቁት ነው። ያገኘ ሰው አቃቂ ጣቢያ ለበየነ ይመልስልኝ።»

በሽቦው ውስጥ ያ ሁሉ ጣቢያ ሲተነፍስ እሰማለሁ። አንዱ ጋ ሳቅ አመለጠው፤ ሌላው ዝም አሰኘው። ከዚያ መታሐራ ተናገረ።

«እዚህ ነው ጋሼ። ዕቃ ክፍላችን ውስጥ ነው ያለው። ነሐሷን ይዞ የሚመጣ ጌታ ጠብቀን ጠብቀን ስናጣ ልንለቀው ነበር፤ ግን አይሄድም። ባቡር በመጣ ቁጥር ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል።»

ጋሽ በየነ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የለገሃሩ ተቆጣጣሪ በዚህ መሐል ገባና፣ አቶ በየነ ከመስመሩ ሳይወጡ እንዲጠብቁት አዘዘ። እሺ አሉ። ካፖርቱን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ጠበቁ። እኔ በዚያን ሰዓት ለምን እንዳለቀስኩ ሲጠይቁኝ የመርፌው ሕመም ነው አልኩ።

ዋሴ ሲመጣ ጣቢያው ሰው በሰው ሆነ። ኦቦ ቱሉ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሁላችንም እንንገራቸው ብለን ስንሽቀዳደም ጋሽ በየነ በእጃቸው ከለከሉን። ፉርጎው ተከፈተ። ዋሴ ከስቷል፤ አቧራ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ የመታሐራ ሰዎች በወፍራም ካርቶን ያሰሩለት ጽሑፍ አለ፤ «ለበየነ» ይላል። ለእሳቸው የተላከ ዕቃ ቢሆንም ዞር ብሎ አላያቸውም። በሰው እግር መሐል ሰንጥቆ ሄዶ ኦቦ ቱሉ ጉልበት ላይ አፍንጫውን ቀበረ። ሽማግሌው ወደ ጆሮው ወረዱ። ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው አገኙት። ጣሳቸው ወድቆ እየተንከባለለ ሀዲዱ ውስጥ ገባ፤ ማንም አላነሳውም። ጋሽ በየነ ጀርባቸውን ሰጥተው በግድግዳው ላይ ያለውን የባቡር ሰዓት ሲያነቡ ቆዩ። ሰዓቱ ከተበላሸ ቆይቷል።

ለገሃር ሌላ ሰው ተሾመ። ጋሽ በየነ ከዕቃ ክፍሉ ተነስተው የባቡር መሻገሪያውን በር እንዲጠብቁ ተደረገ፤ መኪና ሲመጣ እንጨቱን ከፍ፣ ባቡር ሲመጣ ዝቅ። ወይዘሮ አስካለ ለጊዜው አኮረፉ፤ ሳህናቸውንም በቆርቆሮ ቀየሩ። ጋሽ በየነ ካፖርቱ ላይ «ለገሃር» የሚለውን በምላጭ ቆርጠው አወጡና መሻገሪያው ላይ ለበሱት። ነሐስ የነኩበት ዘመን አበቃ፤ ታርጋውን ከዘይት ቆርቆሮ እየቀረጹ በምስማር ይጽፉት ጀመር። ውሾቹ መሻገሪያው ዘንድ ከእሳቸው ጋር ይውላሉ። እኔ ከዚያ በኋላ ቦታ ቀየርኩ፤ ቤትም ቀየርኩ፤ ባቡሩም ቆመ። እንዳሉትም ዞርኩ። ጃንጥላ ስረሳ፣ ቦርሳ ስረሳ፣ አንድ ጊዜም የሚስቴን ጫማ ታክሲ ውስጥ ስረሳ ዕቃዬን የማገኘው እሳቸው ቤት ነው። ጽሑፋቸውን ያነበበ ሰው አምጥቶ ይሰጣቸዋል። ልወስድ ስሄድ ሻይ ያጠጡኛል፤ ምሳ ያበሉኛል። ሆን ብዬ የረሳሁትም አለ። ይህን ሳያውቁ ሞቱ ብዬ አላስብም።

ለቀብሩ ከማርታ ጋር ሄድን። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ማርታ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ፊት ለፊታችን የተደረደሩት የእድሩ ወንበሮች መደገፊያቸው ወደ እኛ ነው። በእያንዳንዱ ላይ በዚያ በማውቀው የእርሳስ ጽሑፍ፣ ዳግመኛ በቀለም በደመቀው፣ «ቢጠፋ ለበየነ ይመለስ» ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ ያንን ጀርባው ላይ ይዞ ተቀምጧል። ድንኳኑን ሙሉ አየሁት። ለማን ነው አሁን የምንመለሰው አልኩና ልቤ ተሰበረ። ማርታ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

በሳምንቱ የማርታ ቀልድ ቀልድ እንዳልነበረ ታወቀ። ለእኔም ያለሁበትን የሚያሳያት መሣሪያ ገዛች፤ የእኔ የእጅ ነው፤ ከሚኪው የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ሞባይሏ ላይ ስሜን ሞላች፤ ብሎክ ቁጥሩንም ሞላች። ቀጥሎ፣ ሰውየው ቢጠፋ ለማን ይመለስ የሚል ጥያቄ መጣ። የራሷን ስም ጻፈች። ሌላ ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል አለችኝ።

«በየነ በይ» አልኳት።

«አባዬ፣ ጋሽ በየነ እኮ አሁን የሉም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ብቻ አንቺ እስከቻልሽ ድረስ አግኚኝ። ያላገኘሽኝ ቀን የምመለሰው እሳቸው ዘንድ ነው።»

ማርታ ጻፈችው። መሣሪያውን እጄ ላይ ስታስርልኝ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።